ሐር የለበሰው ኮሪደር

ውድ እማማ፣

ስልክ ብደውልልዎ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ» ብለው እንደሚዘጉት ስለማውቅ ነው ወረቀት ያነሣሁት። መነጽርዎ እንደ ልማዱ ከጠፋ እህትዎ ያንብቡልዎ፤ ከእሳቸው የምደብቀው ነገር የለም፣ የምጽፈውን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝምና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። የምፈልገውንም አስቀድሜ ልናገር፤ ወደ ቤትዎ እንዲመለሱ ነው።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ሥራ ቀይሬያለሁ። የድሮው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሊሆን እየታደሰ ነው፤ መጋረጃና የግድግዳ ጨርቅ የሚጠግን ልብስ ሰፊ ሲፈልጉ አመለከትኩና ገባሁ። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ይህን እንዳልነግርዎት አጥብቆ ከለከለኝ። «እማዬ ስለ ቤተ መንግሥት ሲወራ ተነሥታ ትወጣለች» አለኝ። ምክንያቱን እሱም አያውቅም። እኔ ደግሞ የነገሥታት ወሬ ሰልችቶዎት ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን አፌን ከፍቼ ነው የዋልኩት። የግብዣው አዳራሽ ጣሪያ በወርቅ ቅብ የተለበጠ ነው። ከመካከሉ የሚንጠለጠለው የብርጭቆ መብራት የእኛን ሳሎን ያክላል፤ እሱን መወልወል ብቻ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ አሉ። ወለሉ እምነ በረድ፣ የወንበሮቹ ልብስ ቀይ ከፋይ፣ የበሮቹ እጀታ የዝሆን ጥርስ። የንግሥቲቱ አልጋ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ በእንቅልፍ ልብ የወደቀ ሰው ጥርሱን ለቅሞ ነው የሚነሣው። ለጫማ ብቻ የተሠራ ክፍል አየሁና «ንጉሡ ስንት እግር ነበራቸው?» ብል የእድሳቱ ኃላፊ እስኪያስለው ሳቀ። የመታጠቢያ ገንዳው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ውሃው የሚወርደው ከወርቅ ዓሣ አፍ ነው። ሳሙና ቢያዳልጠኝ ዋና የሚችል ሰው መጠራቱ አይቀርም ነበር።

እማማ፣ ይህን ለእርስዎ ስተርክ አሁን ያሳፍረኛል። ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ። ያኔ ግን አላወቅሁም።

ኃላፊው «ቀስ በሉ» ከአፉ ስለማይለይ ሠራተኛው ሁሉ አቶ ቀስ ይለዋል። የቤቱን ታሪክ በሻይ ሰዓት ይነግረናል። የጀመሩት አያትየው ንጉሥ ናቸው፤ በእሳቸው ጊዜ ጥቁር የድንጋይ ቤት ብቻ ነበር። ልጃቸው ለሠርጋቸው ብለው አዳራሹን ጨመሩ፤ ወርቁም መስታወቱም በመርከብ ተጭኖ መጣ። የልጅ ልጅየው ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውሃ አስገቡ፤ ዙፋኑ የወደቀውም በእሳቸው ዘመን ነው። ከዚያ ወታደር ሰፈረበት። ቀጥሎ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ጸሐፊዎቹ ብርዱ ሲያስመርራቸው የረጅሙን ኮሪደር ግድግዳ በችፑድ አሸጉት።

ባለፈው ሳምንት ችፑዱ ተነሣ። ከሥሩ ቢጫ ሐር ወጣ፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሐር ለብሶ ኖሯል። እኔ የጠበቅሁት የብል ቀዳዳ ነው። ያየሁት ግን የራስ ቅባት የጠጣ ክብ ክብ ጥቁረት ነው፣ አሮጌ ትራስ ላይ የሚቀረው ዓይነት። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ እንዲህ እያለ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ተሰልፏል። አቶ ቀስን ጠራሁት። አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግንባር ነው» አለኝ።

አልገባኝም። እሱም አስረዳኝ። ንጉሡ ወይም ቤተሰባቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ከፊት የሚሄድ ሰው ወለሉን በዱላ ይመታል። ያን ድምፅ የሰማ አገልጋይ የያዘውን መሬት ያስቀምጥና ዞሮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያደርጋል። የአገልጋይ ፊት ለጌቶች ዓይን አይገባም ተብሎ ነው። አቶ ቀስ እንዴት እንደነበር ሊያሳየኝ ዞረ፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ወገቡ ላይ አነባበረ፣ መዳፎቹን ወደ ውጭ ከፍቶ። «ባዶ መሆኑ እንዲታይ ነው» አለ።

መርፌው ከእጄ ወደቀ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ።

አባቴ ልጃችንን ሊያይ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ነዋ። ከዳኝነቱ ጡረታ ከወጣም በኋላ ችሎት የሚገባ ነው የሚመስለው፤ በር አያንኳኳም፣ በከዘራው ወለሉን ነው የሚያንኳኳው። እኛ ልጆቹ የምንስቅበት ልማዱ ነው። እርስዎ የሻይ ትሪ ይዘው ከኩሽና ይወጡ ነበር። የከዘራውን ድምፅ ሲሰሙ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ዞሩና ግንባርዎን ግድግዳው ላይ አደረጉ፣ እጆችዎ ወገብዎ ላይ፣ መዳፍዎ ተከፍቶ። አባቴ ለሰላምታ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጀርባዋን ሰጠችኝ ብሎ ከበር ተመለሰ፤ ሴትየዋ እዚያ ቤት እስካለች እግሬ አይረግጠውም አለ። ምን ነካዎት ብዬ ስጠይቅዎ «ሳላስበው ነው ልጄ» ብቻ አሉኝ። እውነትዎን ነበር። እኔ ግን ሰው ሳያስበው እንዲህ ያደርጋል ብዬ ማመን አቃተኝ።

ከዚያ በእኔ ምክንያት ልጅቱ አያቷን አትጣ ብለው ልብስዎን ጠቅልለው እህትዎ ዘንድ ሄዱ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ቤታችን ግን ነቀዘ። እርስዎ ሲወጡ አባቴ መምጣት ጀመረ፤ እሱ ሲገባ ደግሞ ልጅዎ ይወጣል። እኔ መሐል ቆሜ በር ስከፍትና ስዘጋ እውላለሁ።

ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ሐሩን ጎንበስ ብዬ ሳየው ሌላ ሰልፍ አገኘሁ። ከወገቤ እምብዛም ከፍ አይልም። ይህስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አቶ ቀስ «ልጆችም ነበሩ» አለኝ፤ «የመብራቱን ብርጭቆ ለመወልወል ትንሽ ጣት ያስፈልግ ነበር።»

እኔ አፌን ከፍቼ ያየሁት መብራት! ከዚያ ቀን ወዲህ በአዳራሹ ሳልፍ ቀና ማለት አልቻልኩም። ቤታችን ብርጭቆ ሲያጥቡ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ወደ መስኮቱ ከፍ ያደርጉት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ወርቅ አንጣሪ እያልኩ እቀልድብዎት ነበር። ሥራዬን ትቼ ወጣሁና የአትክልቱ አጥር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ለልጅዎ ነገርኩት። ወዲያው አክስቱ ጋ ደውሎ እማዬ ቤተ መንግሥት ነበረች ወይ ሲላቸው «ማን ነገራችሁ?» አሉ። ሰባት ዓመት ሳይሞላዎት ለአገልጋይነት እንደተሰጡ፣ ዙፋኑ እስኪወድቅ እዚያው እንዳደጉ፣ ለልጅዎ ትንፍሽ እንዳይሉ እንዳስማሏቸው ነገሩን። አይቆጧቸው። ልጅዎ እያለቀሰ ነበር የሚጠይቃቸው፤ እሱ ሲያለቅስ ደግሞ እኔም አይቼ አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ አባቴን ቤተ መንግሥቱን ላስጎብኝህ አልኩት። ምን እንደማሳየው አልነገርኩትም። የነገሥታት ነገር ነፍሱ ስለሆነ ከረባቱን አሥሮ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ባርኔጣውን አወለቀ። ዙፋኑ ፊት ቆሞ፣ እንዲህ ኖሮ መሞትም አይቆጭም አለ። የወርቁን ዓሣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አየው። ኮሪደሩ ጋ ስንደርስ አቶ ቀስ ለእኔ እንዳሳየኝ አሳየው፣ ዞሮ፣ መዳፉን ከፍቶ።

አባቴ ሞኝ አይደለም። የተከፈተውን የአቶ ቀስን መዳፍ ሲያይ ገባው። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፣ አዎ፣ እዚህ ነው ያደጉት አልኩት። አንገቱን ይደፋል ብዬ ስጠብቅ አባቴ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ትከሻው ቀና አለ።

«ታዲያ ሴትየዋ እኔን ንጉሥ አድርጋኝ ነበራ!»

እውነቴን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያየሁት እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም። ስድብ ነው ብሎ ይህን ሁሉ ጊዜ ያኮረፈበት ነገር ክብር ሆነለትና ደስ አለው። አቅፎ ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ፊቱን ማየት አስጠላኝ። በኮቱ እጅጌ ይዤ ወደ ታችኛው ሰልፍ ጎተትኩት።

«አባዬ፣ አላከበሩህም። ፈርተውህ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ነው እዚህ ያቆሟቸው። ቁመታቸው ይኸውልህ።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ጉልበቱን እያመመው ቁጢጥ አለና መነጽሩን አድርጎ አየ። ከዚያ እንደ ዳኛ ጠየቀ፤ ሌላ አጠያየቅ አያውቅም። ደንቡን ጥሶ ፊቱን ወደ ጌቶቹ ያዞረ ሰው ቅጣቱ ምን ነበር አለ።

«አይታወቅም ጌታዬ። ያዞረ የለም» አለው አቶ ቀስ።

አባቴ ለመነሣት እጄን ያዘ። የቀሩትን ክፍሎች አላይም አለ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «እኔ ችሎት ስገባ ሁሉም ሰው ብድግ ይል ነበር» አለኝ። ቤቱ አድርሼው ስመለስ ስለ እሱ አዘንኩ፤ ልደብቅዎት አልፈልግም።

በማግስቱ ደወለ። እህትዎ ቤት ሄጄ እግርዎ ላይ ልውደቅ የሚል መስሎኝ ነበር፣ እኔም ልከለክለው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረ ይመስለኛል። «እኔ ከገባሁባቸው እንደገና ይዞራሉ» አለኝ። «እኔ ቀድሜ ልገኝ። እሳቸው ይግቡብኝ።»

ስለዚህ አባቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ይሆናል። ከዘራውን መኪናው ውስጥ ይተዋል፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታውን የመቀበል ግዴታ የለብዎትም። ደንግጠው ቢዞሩም ማንም ምንም አይልዎትም፤ ልጅዎ አጠገብዎ ይቆማል። አባቴን ጭራሽ ማየት ካልፈለጉ በእህትዎ ስልክ አንድ ቃል ይበሉኝ፣ እንዳይመጣ አደርገዋለሁ። እርስዎ ግን በማንኛውም ቀን ይምጡ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት መውጣት ያለበት ሰው ቢኖር እርስዎ አይደሉም።

የቤቱን ቁልፍ ሲሄዱ ለልጅዎ ሊመልሱለት ሲሉ አልቀበልም እንዳለዎት ነግሮኛል። ይዘውት ይምጡ። እሑድ በሩን ከፍተው የሚገቡት እርስዎ ነዎት፤ ብድግ ብሎ የሚቀበልዎት አባቴ ነው።

የልጅዎ ሚስት፣ የእርስዎም ልጅ