ቀድሞን ያለፈው ማን ነው?

ይድረስ ለወንድሜ ለሙርዛ፤ የትብሊሲ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ሐሙስ በረዶ ውስጥ እንዳልሰምጥ ያንተን በጠፍር የተጎነጎነ ሰፊ የበረዶ ጫማ አጥልቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባባ ጋር ድርቆሽ ላመጣ ተራራ ወጣሁ። "ዳክዬ ነው የምትመስይው!" እያለ ሳቀብኝ። እንደ ልማዱ ከፊት ሆኖ በረዶውን የሚረግጠው እሱ ነው፤ እኔ ከኋላው። ከትልቁ ጥድ ሥር ስንደርስ፣ "አየሽ፣ ቀድሞን ያለፈ ሰው አለ! ማን ይሆን?" አለኝ።

የሁለት ሰው ዱካ ነው። በአንደኛው ላይ፣ ጠዋት የተበጠሰውን የጫማህን ጠፍር የቀጠልኩበት ቋጠሮ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

"እኔ እንጃ፣ አባባ" አልኩት። ከፊት ልሁን ስለው እሺ አለኝ። አባባ እሺ አለ፣ አስበው!

ፋሲካን ሳትጠብቅ ና። ድርቆሹ ከብዶኝ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ቶሎ ያገናኘን፤ እህትህ ናርጊዛ