አልለቅ ያለው ስቲከር

ይድረስ ለልጄ ለኮሪን፤ ትምህርቱስ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ በቆሎው ታጭዶ ኔብራስካ ራቁቷን ቀርታለች።

የኮሌጁ ክፍያ ዘንድሮም መጨመሩን የሚናገረው ደብዳቤ ደርሶን ከፍለናል። አባትሽ ፋብሪካ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ «ለጉልበቴ መድኃኒት ነው» ይላል። ፒክአፕ መኪናችንን ጎረቤታችን ቨርን ገዛው። አባትሽ የኮሌጅሽ ስም ያለበትን ስቲከር ከኋላ መስታወቱ ላይ ሊፍቀው ቢታገል አልለቅ አለው። «ተወው ባክህ ዴል፣ እኔም ልጅ አስተማርኩ ልበል!» ብሎ ሳቀ ቨርን።

እሁድ እሁድ መኪናውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ሲያገኘው፣ አባትሽ ያንን መስታወት በመሃረቡ ይወለውለዋል።

ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ቤታችንን ክፍል በክፍል አየ፤ ያንቺን ክፍል መስኮት ወደደው። ለከርሞም ክፍያውን ይጨምሩ ይሆን? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

በርቺልኝ፤ ደርበሽ ልበሺ።

እናትሽ አይሊን