ፍሬን ያስያዘው ባና

ይታየው፣

የምለብሰውን የሱፍ ባናዬን አይጥ በላው ብለኸኛል። መካኒኩ ጋሼ ኪዳነ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የአባትህን የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ጂፕ ጎማ ሲፈቱ፣ ግሪሱ ወደ ፍሬኑ እንዳይፈስ በመቀስ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ባና አገኘሁ ይላሉ። የመሐል ሜዳ አይጥ መቀስ ከያዘ እኔ ቤት እቀይራለሁ።

እሳቸው ግን ወደውታል። «ፋብሪካው የገጠመውም ሱፍ ነበር፤ ይኼ የመንዝ በግ ስለሆነ ይበልጣል» ብለው ሳቁ።

እናትህን፣ የጂፑ መለዋወጫ የትም አይገኝም፣ ይሽጡት ያልኳቸው እኔ ተከራያችሁ ነኝ። አንድ ሱቅ እንኳ ሳልጠይቅ ነው ያልኩት።

ቆራርጦ ለብረት ሊወስደው የመጣው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጋሼ ኪዳነ ጂፑን ቁልቁለቱን ይዘውት ወረዱ። ፍሬኑ ያዘ።

ለሌላኛው ጎማ የሚሆን ባና አልጋህ ላይ ትቼልሃለሁ። እባክህ ከጠርዙ ቁረጥ፣ ከመሃሉ አይደለም። እኔ ለሁለት ቀን ሥራ ሞላሌ ሄጃለሁ። ጋቢህንም ይዤዋለሁ፣ አይጥ እንዳይበላው።

እናትህ አንተ እስክትመጣ አልጠበቁም። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ሰውዬውን፣ «በል ልጄ፣ በሰላም ተመለስ፤ የባሌን መኪና አልሸጥም» አሉት።