ሣጥን ሙሉ ቲማቲም ስላሸከሙን

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዕድሜዎ ከሚያከፋፍሉን ቲማቲም ይርዘም እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ የምታነቡልኝ አንባቢዎቼ፣ ለእናንተ ብቻ አንድ ጉድ ሹክ ልበላችሁ። ትናንት በመሥሪያ ቤት ስብሰባ መካከል የእጅ ቦርሳዬ ቀይ ያንጠባጥብ ጀመር፤ አለቃዬ ደም መስሏቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ቤቴ የበሰበሰውን ቲማቲም ጎረቤት ሳያየኝ ቢሮ ልጥለው ይዤ መምጣቴን በምን አፌ ልናገር!

ወደ አቤቱታዬ ልመለስ፣ ክቡርነትዎ።

፩. በየቅዳሜው በየቤቱ መዋጮ በጅምላ አስመጥተው፣ ብቻውን የሚኖረውንም ቤተሰበ ብዙውንም እኩል ዐይተው፣ ለየቤቱ ሣጥን ሙሉ ቲማቲም ስለሚያድሉን፣ አልፈልግም ያለውንም «ጎረቤት የማይወድ» እያሉ ስለሚያስወሩበት ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኛም ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ርካሽ ነው ሲባል ተሰለፍን።

፪. ሐሙስ ሲደርስ ከማቀዝቀዣው መሳቢያ ሥር ነጭ ጢም ያበቀለ፣ ሲነኩት ጣት የሚውጥ ዝቃጭ ይወጣል። በጥቁር ፌስታል ቋጥረን እንወርዳለን፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም «ወረቀት ነው» እንባባላለን። ወረቀት ከመቼ ወዲህ ዝንብ እንደሚያስከትል ኮሚቴው ቢያጠናልን።

፫. የቆሻሻ ገንዳው የተቀመጠው ምድር ቤት ካለችው ልብስ ሰፊ እህታችን መስኮት ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ የተሰፋላትን ቀሚስ አሽትታ እዚያው ጥላው ሄደች። እርስዎም ፈጥነው ደረሱ፤ ገንዳውን ሊያነሡ ግን አልነበረም፣ «ሽታው ካንቺ ወገን ነው፣ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቂ» ሊሏት እንጂ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ከመላው ሕንፃ ሣጥን ያልወሰደች፣ የዕለቱን በዕለቱ ገዝታ ድስቷን አሟጣ የምታበላ እሷ ብቻ ናት። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያችው ክፍል ባለች የስፌት መኪና ነው።

ስለዚህ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ተማክረን፣ ለልግስናዎ አጸፋ ይሆን ዘንድ፣ የፊታችን ቅዳሜ የሚደርሰንን ሣጥን ሁሉ በርዎ ላይ ልንደረድር ወስነናል። በርዎ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ከወዲሁ ቢያስቡበት።

አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ውለታዎን የምትቆጥር፣
የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት ባለቤትዎን ከመንገዱ ጥግ አትክልት ሻጭ ዘንድ አራት ፍሬ ቲማቲም እየመረጡ ሲገዙ አገኘኋቸው። የኮሚቴው ሣጥንስ ብላቸው፣ «ምን ያደርግልናል እቴ! እኛ ሁለት ሰው ነን፤ ቤት ማግማት ነው ትርፉ» አሉኝ። በወሩ መጨረሻ የሚነሣው ገንዳው ይሁን ልብስ ሰፊዋ፣ የባለቤትዎን አስተያየት ጨምሬ ለአንባቢዎቼ አሳውቃለሁ።