የኒቆዲሞስን ሳይክል ስትነዳ

ሉቅማን አቦ፣

ወደ ገጠር፣ ዋሂል ወጥቻለሁ። የኒቆዲሞስን ኤሌክትሪክ ሳይክል ይዘህ ሱቅ ሂድበት፤ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ትናንት ቻርጀሩን ሰክተህ ሳይ «መብራት ይቆጥራል» ብዬ ነቀልኩብህ። ውሸቴን ነው። ባትሪው ውስጥ የቀረችው ኃይል ወንድሜ ኒቆዲሞስ ሳይሞት የሞላት ናት፤ ከሌላ እንዳትደባለቅብኝ ብዬ ነው። ሳይክል ሠሪው ግን ባዶውን ከከረመ ባትሪውም ይሞታል አለኝ። በዚህ ቤት አንድ ሞት ይበቃል። ሰካው።

ከነዳኸው በኋላ ቀዝቀዝ ሳይል አትሰካው።
ፀሐይ ላይ አታቁመው።
ደቻቱ ወንዝ ውሃ ከመጣ በድልድዩ ዙር፤ ሞተሩ ጎርፍ አይችልም። መንገድ ላይ ቢያልቅብህ በፔዳል ይሄዳል፣ ይከብድሃል እንጂ አይቆምም።
ኮርቻውን ለቁመትህ ዝቅ አድርገው። እኔ ልሠራልህ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሌላው፣ ሳይክሉ ድምፅ የለውም። ኒቆዲሞስ ግቢ ሲገባ አይሰማኝም ነበር፤ በር ላይ ደርሶ «እኔ ነኝ» ሲል ነው የምደነግጠው። እሱ በሞተ ሰሞን አንተ «እኔ ነኝ» ብለህ ስትገባ ከጓዳ ሆኜ «ኒቆ፣ ራትህ ተከድኗል» አልኩህ። አንተም ቁጭ ብለህ የእሱን ራት በላህ። እስካሁን አላመሰገንኩህም።

ከእንግዲህ በዚያው ሳይክል፣ በዚያው ዝምታ ልትገባ ነው። ከተመለስኩ በኋላ እኔ ቤት ውስጥ ሳለሁ ስትገባ፣ እባክህ አቦ፣ በር ላይ «እኔ ነኝ» አትበል።

ስምህን ጥራ።

ኃይለመለኮት