እህቴ ያልጨረሰችው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ አስቴር ዛሬ በትምህርት ቤታቸው የሽምግልና ክበብ ሁለት የተኳረፉ ልጆች አስታርቃ መጣች።

«እንዴት ቻልሽ?» አልኳት።

«መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሌላዋ ያለችውን ትደግሚያለሽ፤ ሕጋችን ነው። አንዷ ሦስቴ ስትሳሳት ሌላዋ ‹ጆሮሽን ታጠቢ!› አለቻትና ሳቁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አረካ ከተማ ያለችው አክስቴስ?» አለችኝ።

ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት እህቴ ከቀብር በኋላ ስትደርስ፣ በለቀስተኛው ፊት «አሁን ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብዬ አባረርኳት። ይኸው ስድስት ዓመት።

አስቴር ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሕጉን ልሞክር ብዬ ይህን ደብተር ከፈትኩ። እኔ ያልኩትን አንድም አልረሳሁም። እህቴ ያለችውን ግን «መንገድ ላይ...» እስከሚለው ብቻ ነው የማውቀው። አላስጨረስኳትም።