ማድ ቤቱ ከአንደኛ ክፍል ይራቅ

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ሚካኤል።
ጠዋት ውርጭ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ፣ ንፋስ የለም። ት/ቤቱ ማድ ቤት የነበርን፦ እኔና ትርንጎ። ዘበኛው ጋሽ ደሴ በር ላይ።
ለተማሪዎቹ ምሳ የባቄላ ንፍሮ ቀቀልን። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሲጨስ ዋለ። በዚያ ላይ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። ልጆቹ ግቢውን ጠረጉ፣ ቆሻሻውን ከአንደኛ ክፍል ጀርባ ከምረው ለኮሱት። በአንድ ወገን የኛ ጭስ፣ በሌላው የቆሻሻው። መምህርቷ ሐረግ መስኮቱን ዘጋች። ምን ዋጋ አለው፣ ጭሱ ቀድሟት ገብቷል። ከልጆቹ ጋር ቆለፈችው።
ስምረትን ከክፍል ተሸክመው አወጧት። የእህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ነው የምታድግ። ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቁሯል። ጋሽ ደሴ፣ ወደ እሳቱ አስጠጓት፣ ኅዳር የሚታጠነው ለዚሁ አይደል፣ በሽታ የሚፈራው ጭስን ነው አለ። አስጠጓት። ባሰባት። ነጥቄ ወደ ሜዳው ሮጥሁ። እዚያ ቀስ በቀስ ተነፈሰች።
ጋሽ ደሴ ክፉ ሰው አይደለም። እያለቀሰ ነበር።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ። ብርድ።
የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጣች። የስምረትን ደረት አዳመጠች። ማድ ቤታችሁ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ልጅቷ እዚያ ክፍል አትቀመጥም፣ ዳግም እንዲህ ከሆነች ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሳትደርስ ታመልጠናለች አለች። ጭሱ እስኪጠፋ ቤት ትዋል።
ማን ያጠፋዋል አላለችም። እኔም አልጠየቅሁ።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ። ጾም ገባ።
ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ አነበብሁ። እኔ ሳነብ እንዲህ ነው፣ የደረሰኝን። ስለ ጭስና ስለ ቤት ይላል። ጢስ ያለበት ክፍል በሁለት ወገን ይከፈት፣ ምድጃውም... ይልና ተቀዷል። ምድጃውም ምን? ባለሱቁን ሌላው ግማሽስ ብዬ ብጠይቀው፣ በርበሬ ሸጬበታለሁ ብሎ ሳቀብኝ።
የኛ ክፍል በሁለት ወገን አይከፈትም። መስኮት ያለው በማድ ቤቱ በኩል ብቻ ነው። በወዲያ ንፋስ ይገባል ብለው ደፍነውታል። ለርዕሰ መምህሩ ነገርሁት። እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ እዚያ አንሽው አለ። እኔ? ሰው ፊት?

ኅዳር 18፣ እሑድ። ደመና።
ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር ስብሰባ። ተነሣሁ። ትርንጎ ከኋላ በክርኗ ጎሸመችኝ። ማድ ቤቱ ይነሣ፣ ልጆቹ በጭስ እያለቁ ነው አልሁ። ሌላ ያልሁትን አላስታውስም።
አቶ ሙጬ፦ «እትዬ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማሽም?»
ትርንጎ፦ «ወጡማ ይጣፍጣል። ያጨስነው ልጆቻችሁን ነው እንጂ!»
ሳቁ። ከዚያ ተስማሙ። ሣር ጎጆ ነው፣ ወንዶች ተሰብስበው ጣራውን እንዳለ ያነሡና ከግቢው ታች ያደርሱታል፣ ግድግዳው በኋላ ይሠራል።
መቼ? በሥራ ቀን አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማንም አይመጣም። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ ግን በበዓል አይሠራም። ቄሱን ጠየቁ። ለሕፃናት ነው፣ ኃጢአት የለበትም፣ ረቡዕ ለጽዮን አንሡት አሉ። ደስ አለኝ። አቶ ሙጬ ተነሣ። ገብሴ አውድማ ላይ ነው አባ፣ በዓል ተሽሮ በረዶ ቢወርድ እርስዎ ይከፍሉኛል? አለ።  ቄሱም ነገሩን ተዉት።
ተወሰነ፦ ሰብል ሲገባ። ጥር ማለት ነው።
አልተናደድሁም። የኔም ገብስ አውድማ ላይ ነው።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ። ንፋስ።
የስምረት አባት ከወገዳ ላከብኝ፣ በመኪና ረዳቱ። ልጅቷ ትምህርት አቁማለች ሲሉ ሰማሁ፣ ሚስቴ ወልዳለች፣ ቤት ከምትቀመጥ መጥታ ሕፃኑን ትዘል፣ ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ እወስዳታለሁ ይላል። አባት ነው። ብትማር ኖሮ አይጠይቀኝም ነበር፣ ይህንንም አውቃለሁ።
ከሄደች አትመለስም።
አልነገርኋትም። ደጃፍ ላይ ጠጠር ደርድራ ትቆጥራለች። አክስቴ፣ እነሱ ስንት ላይ ደረሱ? አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሐረግን ጠይቄ ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ ጽዮን። ፀሐይ፣ ከምሥራቅ ንፋስ።
እሳቴ በዓል የለውም፣ ዛሬም አነደድሁ። ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ከት/ቤቱ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣራውን የሚሸከም ትከሻ ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሏል።
ርዕሰ መምህሩን፣ ጣራው ይቅር፣ ሜዳ ላይ እንቀቅል አልሁት። አይሆንም፣ ከወረዳ መጥተው ቢያዩ ምግብ ያለ ማድ ቤት ይሠራሉ ብለው ይጽፉብኛል፣ ጥርን ጠብቂ አለ። ትርንጎ ደግሞ፣ በዚህ ውርጭ ሜዳ ላይ? ሬሳዬን ነው የምታወጪው አለች።
ሁሉም ምክንያት አለው። የአቶ ሙጬም፣ የርዕሰ መምህሩም፣ የትርንጎም። ደብተሬ፣ እኔ ደግሞ ሦስት ቀን አለኝ።
ነገ ጠዋት ማንንም አልጠይቅም።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ። ውርጭ፣ ከምሥራቅ ንፋስ።
የሠራሁትን እንዳለ ልጻፍ።
ሰው ሳይገባ ደረስሁ። ምድጃውን ጠረግሁ። ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሜ ከግቢው ታች፣ ገደሉ አፋፍ ካለው አጥር አጠገብ ተከልሁ። አሮጌ ቆርቆሮ በንፋሱ በኩል ከለልሁ። እንጨቱን አወረድሁ። ድስቱ ብቻዬን አልነሣ አለኝ። ትርንጎ መጣች፣ እጇን አጣጥፋ አየችኝ። ሙሽራ መሰልሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ አዲስ ጉልቻ አለች።  ስቃ ስታበቃ ድስቱን በወዲያኛው ጆሮ ያዘችልኝ።
እሳቱ እንቢ አለ፣ ኋላ ያዘ። ጭሱ ወደ ገደሉ ወረደ።
ርዕሰ መምህሩ መጣ። ማን ፈቀደ አለ። ማንም አልሁ። ዝናብ ቢመጣስ አለ። እንበሰብሳለን አልሁ። ዞሮ ሄደ። አልከለከለም፣ አልፈቀደምም።
ሐረግ መስኮቱን ልትከፍት ብትል በጥላሸት ተጣብቋል። በድንጋይ መታሁት፣ ተከፈተ። የተደፈነውንም በወዲያ በኩል በዶማ አፈረስሁት። ልጆቹ በረደን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይበርዳል። ጋቢዬን ከፊት ለተቀመጡት ሰጠሁ።
ከዚያ ቤት ሄጄ ስምረትን ፊቷን አጠብሁ፣ አመጣኋት፣ በተከፈተው በኩል አስቀመጥኋት። ውጭ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ጥቂት አሳላት፣ ኋላ ተወት አደረጋት። ከሌሎቹ ጋር ስትቆጥር ሰማሁ። እስከ ደወል አልተነሣሁም።
ንፍሮው ዘገየ፣ ጥሬ ነው ብለው አጉረመረሙ። በሉት ግን።
ቀትር ላይ መንገድ ወርጄ የወገዳውን መኪና ረዳት አገኘሁት። ለአባቷ እንዲህ በልልኝ አልሁት፦ ስምረት ትምህርት ቤት ናት። ቅዳሜ ከመጣህ ቤት ገብተህ ምሳ ብላ፣ እሷ ግን አትሄድም።
ተመለስሁ። የነገውን ባቄላ ዘፈዘፍሁ።